ከ«ታረመ» ሥር የተቀበረችው ሴት

የጠፋችው ሴትዮ ራሷ በእግሯ ፖሊስ ጣቢያ መጥታ መጥፋቷን አመለከተች።

የካቲት 2006፣ ሐሙስ ጧት ነው። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የሸዋ ሮቢት ፀሐይ የጣቢያውን ቆርቆሮ ማንጣጣት ጀምራለች። ሳጅን ተሰማ የሸሚዙን ሁለት ቁልፎች ፈቶ በክስ መዝገብ ሽፋን ራሱን ያራግባል። የደጋው የጣርማ በር ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆላ ተቀምጦ እንኳ ከሙቀቱ ጋር አልታረቀም።

«ማን ጠፋብሽ?» አላት ቀና ሳይል።

«እኔ።»

ቀና አለ። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ናት። ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ የላስቲክ ጫማዋ ላይ አቧራ እንጂ ጭቃ የለም። ገበሬ መሆኗን እጇ ይናገራል።

«ስምሽ ማነው?»

«ሐምዲያ ሷሊሕ። የዋርካ ሜዳ መስኖ ማኅበር አባል ነኝ። ማለቴ ነበርኩ። አሁን ሞተሻል ብለውኛል።»

«ማነው ያለሽ?»

«ኮምፒውተሩ።»

ሳጅን ተሰማ ሰው የሚያምን ሰው አይደለም። ሚስቱ ጧት «ደኅና ዋል» ስትለው እንኳ «ምን ፈልጋ ይሆን?» እያለ እስከ ቀትር የሚያወጣና የሚያወርድ ዓይነት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል ሟች ነኝ ብሎ የመጣ ከሳሽ ግን ገጥሞት አያውቅም። እስክሪብቶውን አነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው ቦይ ዋርካ ሜዳ ላይ መቶ አርባ አባላትን ያጠጣል። ውሃው ለማን፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚለቀቅ ድሮ በደብተር ነበር የሚያዘው። አምና ማኅበሩ ኮምፒውተር ገዛና «ተራ» የሚባል ፕሮግራም አስገባ። ሐምዲያ ከቦዩ ራስ፣ ከዋናው የውሃ መዝጊያ አጠገብ ግማሽ ሄክታር አላት። ተራዋ ማክሰኞና ቅዳሜ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ከአሥር ቀን በፊት የሽንኩርት ችግኝ አዛውራ ተክላለች። በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ዶማዋን ይዛ ብትወጣ ውሃው ማሳዋን ጥሎ አለፈ።

«ቢሮ ሄድኩ» አለች። «ሊቀመንበሩ ጋሽ ንጉሤ ወረቀት አገላበጡና "ሐምዲያ የምትባል አንዲት ናት፤ እሷም አምና ሞታለች" አሉኝ። "ይኸው ቆሜ የለ እንዴ?" ብላቸው፣ "እኔማ አይሻለሁ፤ ኮምፒውተሩ ነው የማያይሽ" አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ልጄ አነበበችልኝ። "ታረመ" ይላል። ሳጅን፣ እኔ አረም ነኝ? ወላሂ፣ አረም ብለው ነቀሉኝ!»

ሳጅኑ ሊስቅ ብሎ ተወው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ቅዳሜ ጧት ካላጠጣሁ አለቀልኝ» አለች። «ሁለት ተራ ያለፈው ችግኝ በዚህ ፀሐይ አይነሣም። ባሌ ከሞተ ወዲህ እኔና ሁለት ልጆቼ ያለችን እሷው ማሳ ናት።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሳጅን ተሰማ ባርኔጣውን አነሣና ባጃጅ ጠራ።

የማኅበሩ ቢሮ ከዋርካው ሥር ያለች አንድ ክፍል ናት። በሩ አጠገብ የሽቦ ወንፊት የለበሰ ማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሳጅኑ መነጽሩን አደረገና አነበበ። የፕሮግራሙ አራተኛ እትም የለውጦች ዝርዝር ነው። አራት ርእሶች አሉት፦ ተጨመረ፣ ተለወጠ፣ ተወገደ፣ ታረመ። «ተጨመረ» ሥር የዝናብ ቀን መመዝገቢያ አለ። «ተለወጠ» ሥር የእሑድ ተራ በአንድ ሰዓት መዘግየቱ ተጽፏል። «ተወገደ» ሥር «የለም» ይላል። «ታረመ» ሥር ሦስት መስመሮች አሉ።

«የጳጉሜን ተራ የሚያዘልለው ስሕተት ተስተካከለ።

ዝርዝር ሲታተም ይታይ የነበረው ስሕተት ተስተካከለ።

በፊደል ሥህተት ሁለቴ የተመዘገቡ ሥሞች ተሥተካከሉ።»

ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኑን ቆረቆረው። ለምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ሙቀቱ ነው ብሎ ተወው።

ሊቀመንበሩ አቶ ንጉሤ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው፤ አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሉት ትልቅ ቁልፍ የዋናው መዝጊያ ቁልፍ ነው። ወንበር ሳቡለት፤ ማንጎ ልጠው አቀረቡለት። ሳጅን ተሰማ ሳይጠየቅ የሚጋብዝ ሰው ያስፈራዋል። ማንጎውን ግን በላ።

«ይኼ ዝርዝር ምንድነው?»

«ልዑል የሚባል የደብረ ሲና ልጅ ነው ፕሮግራሙን የሠራልን። ባሻሻለው ቁጥር አዲስ እትም ያመጣና ምን እንደነካ በዝርዝር ያስረክባል። ደንባችን ጥብቅ ነው ሳጅን። "ተወገደ" ሥር የገባ ነገር ተራው ከመድረሱ በፊት በጉባኤ፣ ስም በስም፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። በደብተሩ ዘመን ስንቱ ከመዝገብ እየጠፋ ሲካሰስ ስለኖረ ነው።»

«"ታረመ" ሥር የገባውስ?»

«እሱ ይለጠፋል፤ በቃ። ስሕተት ታረመ ሲባል የሚቃወም ማን አለ?»

«ዝርዝሩን አትሞ የሚለጥፈው ማነው?»

«ጸሐፊያችን ፀደንያ ናት። እሷ ግን ካለፈው ሳምንት ረቡዕ ጀምሮ ወባ ጥሏታል። ልዑል ሐሙስ መጥቶ ጭኖልን ተመለሰ። ዓርብ ጧት ዝርዝሩ ሰሌዳው ላይ ነበር፤ አዲሱ ተራ የጀመረው ሰኞ ነው።»

«ማን ለጠፈው?»

«እሱን እኔም አልጠየቅሁም።»

«የቢሮው ቁልፍ ማን ማን ጋ አለ?»

«እኔና ፈይሰል ጋ። እኔማ ኮምፒውተር የት አውቄ! ስልኬን እንኳ ልጄ ናት የምትከፍትልኝ።»

«ፈይሰል ማነው?»

አቶ ንጉሤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ውሃ አከፋፋያችን ነው። የሐምዲያ የሟች ባሏ ወንድም። ወንድሙ ሲሞት መሬቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ሲጣሉ አገር ያውቃል። አሁንም የእሷን ተራ ያገኘው እሱ ነው፤ ከተጠባባቂዎች አንደኛ ስለነበረ። እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም።»

ምንም አላልኩም የሚል ሰው ሁሉን ብሎ ነው የሚጨርሰው። ሳጅን ተሰማ ባዶ ወረቀት አቀበላቸው።

ሳጅኑ የማይለቀው አንድ ልማድ አለው። ምስክርም ይሁን ተጠርጣሪ፣ መጻፍ የሚችል ሰው ቃሉን በገዛ እጁ ይጽፋል። መጨረሻውን ሳጅኑ ራሱ ያስጽፈዋል፦ «ከላይ የሰጠሁት ቃል እውነት መሆኑንና ስሕተት የሌለበት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» የጣቢያው ወጣት ፖሊሶች ይህን ዓረፍተ ነገር «የጋሽ ተሰማ አባታችን ሆይ» እያሉ ይቀልዱበታል። አቶ ንጉሤ ጻፉ፤ ፈረሙ።

ፈይሰልን ቦዩ ዳር አገኘው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ያሸረጠ ሰው ነው።

«ማክሰኞ ጧት ውሃውን የወሰደው ማነው?»

«እኔ።»

«የወንድምህ ሚስት ማሳ እየደረቀ?»

«ዝርዝሩ ስሜን ጠራ። ለምን ብዬ ጋሽ ንጉሤን ጠየቅሁ፤ "ራሷ ናት የለቀቀችው" አለኝ።»

«እሷን ሞተሻል ብለዋታል፤ አንተን ለቀቀች አሉህ?»

«እንደዚያ ነው ያለኝ። ወላሂ።»

«ባለፈው ሐሙስና ዓርብ ቢሮ ገብተሃል?»

«በየቀኑ እገባለሁ። አካፋውና ዶማው እዚያ ነው ያለው።»

«ኮምፒውተር ትችላለህ?»

ፈይሰል አካፋውን ጭቃው ውስጥ ሰካ። «እኔ የምችለው ይኼን ነው።»

ሳጅኑ አላመነውም። ጠብ አለው፤ ቁልፍ አለው፤ ጥቅሙም ደርሶታል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ወረቀቱን ሰጠው። ፈይሰል እያላበው፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ ጻፈ። ሳጅኑ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ሲከት ነገሩ ያለቀ መስሎታል። ጣቢያ ደርሶ ሲቀመጥ ግን አንድ ነገር ይኮሰኩሰው ጀመር፤ የጎደለ ነገር ስላለ አልነበረም። ሁሉም ነገር ተሰድሮ፣ ተዘጋጅቶ፣ እንደ ማንጎው ተልጦ ነው የቀረበለት።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለና ዓርብ ማለዳ ወደ ደብረ ሲና በሚኒባስ ወጣ።

ልዑል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፤ ኮምፒውተር ያስተምራል። ሳጅኑ ብርዱን እያጣጣመ ገባና ከሰሌዳው ነቅሎ ያመጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይኼ የማን ሥራ ነው?»

ልዑል አነበበ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ይኼ የእኔ ዝርዝር አይደለም።»

«ስምህ ከታች አለበት።»

«ስሜ አለ። ሦስተኛው መስመር ግን የእኔ አይደለም። ያስረከብኩትን ላሳይዎት።»

ማሽኑ አጉረመረመና አንድ ወረቀት ተፋ። «ታረመ» ሥር ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። «ተወገደ» ሥር ግን እንዲህ ይላል፦ «በፊደል ልዩነት ተደግመው ሊሆን ይችላል የተባሉ አምስት መዝገቦች፤ በጉባኤ ይነበቡ።» ከሥሩ አምስት ጥንድ ስሞች ተደርድረዋል። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች «ሐምዲያ ሷሊሕ» እና «ሃምዲያ ሳሊህ» ናቸው።

«አስረዳኝ» አለ ሳጅኑ።

«መዝገቡ ውስጥ አንዱን ሰው አንዴ በሐመሩ ሐ፣ አንዴ በሃሌታው ሀ እየጻፉ ሁለት ሰው አድርገውት ነበር። ኮሚቴው ይጠቃለሉ ብሎ ወሰነ። እኔም ፕሮግራሙ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ስሞችን እንዲያጠቃልልና ቀድሞ የተመዘገበውን ይዞ ሌላውን እንዲያወጣ አደረግሁ። አራቱ በእርግጥ ድግም ናቸው። አምስተኞቹ ግን...»

«ሁለት ሴቶች ናቸው። ትናንት ቦዩ ዳር ጠይቄያለሁ፤ አንደኛዋ ከቦዩ ጅራት የነበሩ አሮጊት ናቸው፤ አምና ሞተዋል።»

ልዑል ራሱን ያዘ። «ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የሟቿ መዝገብ ተያዘ፤ የሕያዊቷ ወጣ። ተራው ክፍት ሆነና ለተጠባባቂ ተላለፈ።»

«ታዲያ ጥፋቱ ያንተ አይደል?»

«ሊሆን እንደሚችል አውቄ ነው "ተወገደ" ሥር ያስገባሁት! ማሽን እኮ ሰው አያውቅም። ጉባኤው ላይ ስሙ ሲነበብ ሰውዬው "አለሁ" ብሎ እጁን ያነሣል፤ እኔም እመልሰዋለሁ። ስም ጠፋ ከተባለ ሰው ይጠይቃል ጋሼ፤ ታረመ ከተባለ አመስግኖ ያልፋል። አንድ ሰው ይህን አውቆ ነው መስመሬን ያነሣው።»

«አሁን መመለስ ትችላለህ?»

«በአምስት ደቂቃ። ነገር ግን ያለ ማኅበሩ ደብዳቤ እጄን ካስገባሁ እኔም ከዚያ ሰው አልሻልም።»

ደብዳቤው የሊቀመንበሩን ማኅተም ይፈልጋል። ሳጅን ተሰማ ለልዑልም ወረቀት ሰጠው፤ የተለመደችውን ዓረፍተ ነገር አስጻፈው፤ ቁልቁለቱን ወረደ። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ሙቀቱ አንድ አንድ ደረጃ ሲጨምር ይታወቀው ነበር። ያቺ ሴት አሁን ማሳዋ ዳር ተቀምጣ ሰማይ ሰማይ ታያለች ብሎ አሰበ።

ፀደንያን ተከራይታ ከምትኖርባት ክፍል አገኛት። በላብ በሚያጠምቅ ከሰዓት ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች። ኪኒኗ ራስጌዋ ላይ ነው።

«ያለፈው ዓርብ የት ነበርሽ?»

«ጤና ጣቢያ፣ ግሉኮስ ተሰክቶልኝ። ካርዴ ይኸው።»

«ዝርዝሩን አንቺ አላተምሽም?»

«አላየሁትምም። እኔ ብሆን ኖሮ የሚወገዱ ስሞች ካሉ ለጉባኤው አነብ ነበር፤ ሥራዬ ነው።»

ካርዱን መረመረ፤ ማኅተሙንም ወደ መስኮቱ አዙሮ አየው። ከዚያ ቃሏን አስጻፋት። ጨርሳ ስትሰጠው ከሌሎቹ ሦስት ወረቀቶች ጋር አልጋዋ ጫፍ ላይ ደረደረው። አራት ሰው፣ አራት ጊዜ የእሱን ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ሳጅኑ ጎንበስ አለ።

ልዑል «ስሕተት» ብሏል።

ፀደንያ «ስህተት» ብላለች።

ፈይሰል «ስተት» ብሏል፤ እንደሚናገረው።

አቶ ንጉሤ ግን «ሥህተት»።

ጣርማ በር ላይ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የኔታ በአለንጋ ያስተማሩት ትዝ አለው። እሳቱን ሰ እና ንጉሡን ሠ ያምታታ ልጅ መዳፉን ይገለብጥ ነበር። ዓይኑ የቆረቆረው ሙቀቱ አልነበረም፤ የየኔታ አለንጋ ነው። የሰሌዳውን ወረቀት ዘረጋ። «ሥህተት»፣ «ሥሞች»፣ «ተሥተካከሉ»፤ ሦስቱም ላይ ያለቦታው የገባ ንጉሡ ሠ።

«ፀደንያ፣ አቶ ንጉሤ ኮምፒውተር ይነካሉ?»

ልጅቷ አመነታች። እንጀራዋ በሳቸው እጅ ነው።

«በክረምት እኔ ነኝ ያለማመድኳቸው» አለች በመጨረሻ። «ለማንም አትንገሪ፣ ባረጀሁበት ፊደል ቆጠራ ጀመረ ብለው ይስቁብኛል አሉኝ። መጀመሪያ የፈለጉት ስማቸውን መጻፍ ነበር። "ንጉሤ" ላይ ያቺን ሤ ማውጣት አቃታቸው። ያንኑ ቁልፍ ሁለቴ መምታት ነው ብዬ አሳየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሁለቴ ነው የሚመቱት። "የንጉሥ ፊደል ነው፤ ጽሑፍ ያስከብራል" ይላሉ።»

ሳጅን ተሰማ ወረቀቶቹን ሰበሰበ። ማን እንዳደረገው አሁን ያውቃል። ለምን እንዳደረገው ግን አልገባውም። ሰውዬው ከሐምዲያ ጋር መሬት አይዋሰኑም፤ የቤተ ዘመድ ጠብ የላቸውም፤ ውሃውንም ለራሳቸው አልወሰዱ።

መልሱን የነገረው ያላሰበው ሰው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጣቢያው በር ፈይሰል ቆሞ ጠበቀው።

«ትናንት ያላልኩህ ነገር አለ» አለ መሬት መሬት እያየ። «እኔና ሐምዲያ ተጣልተናል። ግን አባት የሞተባቸውን የቲሞች ሐቅ አልበላም። እሷ ከቦዩ ጅራት ካሉት ሰዎች አሻራ ሰብስባለች፤ ሠላሳ አንድ አሻራ። የመዝጊያው ቁልፍ በአንድ ሰው አንገት ላይ ስምንት ዓመት አይንጠልጠል፣ በየወሩ ይዙር የሚል ነው። በመጪው እሑድ ጉባኤ ላይ ልታቀርበው ነበር።»

«አባል ያልሆነ ሰውስ ማቅረብ ይችላል?»

«አይችልም። ለሟች ደግሞ ማን እድል ይሰጣል?»

ሳጅኑ ሰውየውን ትክ ብሎ አየው። ትናንት ወንጀለኛ አድርጎት አድሮ ነበር። «ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነበር» አለ ለራሱ። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደበትም፤ ትከሻውን መታ አደረገውና «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት መዝጊያው ጋ ና» አለው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ቦዩ ራስ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ወሬ ከውሃ ቀድሞ ይደርሳል። ሐምዲያ ዶማዋን ተደግፋ ማሳዋ ዳር ቆማለች። ከኋላዋ ያለው ችግኝ ጫፉ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። አቶ ንጉሤ ቁልፋቸውን እያወዛወዙ ደረሱ።

«ደኅና አደሩ ሳጅን! ሌባችንን ያዙልን?»

«አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አለ ሳጅኑ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ዘረጋላቸው። «ሦስት ቃል ብቻ። ስብሰባ፣ ስም፣ ስንዴ።»

አቶ ንጉሤ ሳቁ። ሕዝቡም ሳቀ። በቄንጥ፣ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ጻፉ። ሳጅኑ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። «ሥብሠባ»፣ «ሥም»፣ «ሥንዴ»። በሌላው እጁ የሰሌዳውን ዝርዝር አነሣ።

«ልዑል "ተወገደ" ሥር የጻፋቸውን አምስት ስሞች ያነሣ ሰው አለ። አንሥቶም በምትካቸው "ታረመ" ሥር ይህችን አንድ መስመር የጻፈ ሰው። ስሞቹ በጉባኤ እንዳይነበቡ፤ ሐምዲያ "አለሁ" እንዳትል። ያ ሰው ኮምፒውተር አላውቅም ይላል። ግን ንጉሡን ሠ ሁለቴ መትቶ ማውጣት ያውቃል።»

የአቶ ንጉሤ ሳቅ ፊታቸው ላይ ደረቀ። «በፊደል ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«በፊደል ሰው ከሞተ በፊደል ሰው ይታሰራል። ለእሷ ሞተሻል አሉ፤ ለፈይሰል ደግሞ ለቀቀች አሉት። ለእኔ ፈይሰልን አቀበሉኝ። ለአንድ መስመር ሦስት ውሸት በዛ።»

«መስመር ነው ያነሣሁት!» ብለው ጮኹ። ቃሉ ካመለጣቸው በኋላ መመለሻ አልነበረውም። «መስመር! ማንን ገደልኩ? ሁለቱን ስም ያገጣጠመው ራሱ ኮምፒውተሩ ነው። እኔ አየሁትና... ስምንት ዓመት በፀሐይ በዝናብ ይህን መዝጊያ የጠበቅሁት እኔ ነኝ! ግምገማ በመጣ ቁጥር ቆሜ የተሰደብኩት እኔ! እሷ ሠላሳ አንድ አሻራ ይዛ በሰው ፊት ቁልፌን ከአንገቴ ልታወልቅ?»

«ቁልፌን?» አለች ሐምዲያ።

ሳጅኑ ክሩን ከአንገታቸው አወለቀና ቁልፉን ለፈይሰል ሰጠው። ፈይሰል መዝጊያውን ከፈተ። ውሃው ደለሉን እየገፋ፣ ገለባና አረፋ እየነዳ ወረደ። ሐምዲያ ዘላ ገባችና በዶማዋ አፈሩን ከፍታ ወደ መጀመሪያው መደብ አዞረችው።

ይኼኔ ነው ሼህ አብዱልፈታህ ወደ ፊት የመጡት። የዋርካ ሜዳ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ካልታረቀ ምሳ አይበሉም ይባልላቸዋል።

«ሐምዲያ ልጄ» አሉ፤ «ውሃውም መጣልሽ፣ አልሐምዱሊላህ። ንጉሤ የልጆች አባት ነው። እስር ቤት ምን ያደርግልሻል? ሰው ነውና ተሳሳተ። ስሕተት ነው ብለን እዚሁ እንጨርሰው።»

ብዙ ሰው «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ። አቶ ንጉሤም አንገታቸውን ደፍተው «ተሳስቼ ነው እቴ» አሉ።

ሐምዲያ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ቀና አለች።

«አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ይቅር በይ ካሉኝ እላለሁ። ግን ስሕተት አይበሉብኝ። ስሕተት ሳላይ የረገጥኩት ችግኝ ነው። ይኼ ሰው ስሜን አይቶ፣ መርጦ፣ ማንም የማያነብበት ቦታ ቀበረኝ። እርስዎም አሁን እዚያው ሊመልሱኝ ነው። መጀመሪያ በስሙ ይጥራው።»

ሼሁ በትራቸውን ወደ አቶ ንጉሤ ቀሰሩ፤ «ንገራት» አሉ።

«ተሳ...» ብለው ጀመሩና የሴትዮዋ ዓይን አስቆማቸው። ወፍራም ፊታቸው ራሰ። «አውቄ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አልሰማሁም።»

«አውቄ ነው ያደረግሁት! ስምሽን አይቼ፣ እንዳትናገሪ ብዬ፣ አውቄ!»

ሳጅን ተሰማ ቃሉን ጻፈ።

ሐምዲያ ከማክሰኞ ጀምሮ የያዘችው እንባ አሁን ወረደ። አልሸሸገችውም። በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ውሃው የሞላውን መደብ ዘጋች፤ የሚቀጥለውን ከፈተች። ከሃያ አራቱ መደብ ስንቱ እንደሚነሣ ገና አታውቅም።

«ይቅር ብዬዋለሁ» አለች። «አሁን ይውሰዱት ሳጅን።»